ስድስትና ዘጠኝ

ጡረታ የወጣሁት በሐምሌ ነው። ባለቤቴ እስከ መስከረም ታገሠችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር እሷ ቤቷን የምታውቀው ያለ እኔ ነበር፤ እኔም ቤቱን የማውቀው ለምሳና ለመኝታ ነው። አሁን ግን ከጧት እስከ ማታ ከኋላዋ ከኋላዋ እያልኩ፣ የበርበሬው ቅል ለምን እዚህ ተቀመጠ፣ ዶሮዎቹ ለምን በዚህ በር ይገባሉ፣ መጋረጃው ለምን ቀን ቀን አይሰበሰብም እያልኩ አላስቀምጥ አልኳት። አንድ ቀን ጓሮ ድረስ ተከትያት የጎመን አቆራረጧን ሳርማት ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ስማኝማ» አለች። «እኔ ተማሪህ አይደለሁም። ወይ እጅህ የሚይዘው ነገር ፈልግ፣ ወይ እኔም ጡረታ ልውጣና ሁለታችንም ቁጭ እንበል።»

ባሕር ዳር የምትሠራ አንዲት ልጅ አለችን። ስትደውል እናቷ ከሳሽ፣ እኔ ተከሳሽ ሆነን እንቀርባለን። በዚያ ሰሞን በቴሌቪዥን አንድ ሽበታም የውጭ አገር ሰው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ትንሽ የእንጨት መርከብ ሲገጣጥም አይቼ ነበር። ልጄ «አባዬ፣ ምን ብታገኝ ነው ደስ የሚልህ?» ስትለኝ ሌላ የምለው ባጣ ስለዚያ ሰውዬ ነገርኳት። «ደስ ይላል» አልኩ። ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው፤ ደስ ይላል ያልኩትም ማየቱን ነው። ጋይንት ተወልዶ ጋይንት ለሸበተ፣ ባሕርን ከካርታ ላይ በቀር አይቶ ለማያውቅ ሰው መርከብ መሥራት ምን ይባላል?

ልጄ ግን ነገሩን እንደ ኑዛዜ ያዘችው። ሳጥኑ ከባሕር ዳር የተነሳው በጥቅምት ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ቆይቶ ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ እንዲያው ሲፈርድብኝ አርብ ቀን፣ ገበያው ጢም ብሎ ሳለ ደረሰ። የሚኒባሱ ረዳት ከጣራው ላይ፣ ከማዳበሪያ ጆንያ ሥር ስቦ አወረደልኝ። አንዱ ማዕዘኑ ተጨፍልቋል። ከመናኸሪያው እስከ ቤቴ ስሸከመው በአህያውና በገብሱ ጆንያ መካከል ያላስቆመኝ ሰው የለም። «ቴሌቪዥን ነው?» «ሶላር ነው?» «መምህር፣ ቀፎ ነው እንዴ?» መርከብ ነው ብል ማን ያምነኛል። «ዕቃ ነው፣ ዕቃ ነው» እያልኩ አለፍኩ።

ሳጥኑን አስቀምጬ ትንፋሼን ሳልሰበስብ ጎረቤቴ ከች አለ።

ይህ ሰው ሂሳብ አስተማሪ ነበር። በአንድ ዓመት ተቀጥረን፣ በአንድ የመምህራን ክፍል ተቀምጠን፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ስንከራከር ኖረን፣ እሱ ከእኔ በዓመት ቀድሞ ጡረታ ወጣ። ግቢያችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ልጆቹም በየከተማው ተበትነዋል። ንጹሕ ሰው ነው፤ ለማንም ክፉ አያስብም። ነገር ግን ስሕተት ሲያይ እንደ ጥርስ ሕመም ያመዋል፤ እስኪነቅለው ድረስ ዕረፍት የለውም። ሱቅ ገብቶ የባለሱቁን ማስታወቂያ ፊደል ያርማል። አንድ ጊዜ እኔ የአባይን ርዝመት ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዞር ስል በመስኮት አይቶት ኖሮ፣ አንኳኩቶ ገብቶ፣ ጠመኔ አንሥቶ፣ ተማሪዎቼ እያዩ አንዷን አኃዝ አርሞልኝ ወጥቷል። ይህን ያነሣሁት ቂም ይዤ አይደለም። ትንሽ ይዤ ነው።

ሳጥኑን ሦስታችን ሆነን ከፈትነው። ውስጡ መርከብ አልነበረም። እንደ ስንደዶ የቀጠኑ የጣውላ ስንጥሮች፣ እንደ ሰሊጥ የደቀቁ የነሐስ ምስማሮች፣ መሐረብ የሚያህል ሸራ፣ ጥቅል ክር፣ ከስስ ጣውላ ላይ በከፊል ተቆርጠው የቀሩ ቅርጾች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በማላውቀው ፊደል የተጻፈ የመመሪያ ወረቀት ነበር። ወረቀቱን አገላበጥኩት። የት እንደሚጀምር እንኳ አይታወቅም።

«ፊደሉን ተወው» አለ ጎረቤቴ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እያየ። «ሥዕል አለው። ካርታ ስታስነብብ አይደል የኖርከው?»

ባለቤቴ ደግሞ «ይሄ ሁሉ የት ሊሰፍር ነው?» አለች።

የሰፈረው ሳሎን ባለችን አንዲት የእንግዳ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ ሲመጣ ሰሐኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በላ።

ልጄ ስትደውል «አባዬ፣ በስልክህ ቪዲዮ እያየህ ሥራው፤ ሁሉም ነገር አለ» ትለኛለች። ኔትወርካችን የእሷን ድምፅ ሳይቆራርጥ ካደረሰልኝ ተመስገን ነው፤ ቪዲዮ የሚባለውን ጠይቄም አላውቅ። ስለዚህ በሥዕሉ ጀመርኩ። ሥዕሉ እንደሚያሳየው መርከብ እንደ በግ ነው፤ አከርካሪ አለው፣ ጎድን አለው፣ ከዚያ ላዩ ላይ ቆዳ ይለብሳል። አከርካሪው አንድ ረጅም ጣውላ ነው። ጎድኖቹ አሥራ አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አከርካሪው ላይ በተሰነጠቀችላቸው ቦታ ተሰክተው በኮላ ይጣበቃሉ። በሥዕል ሲያዩት የሕፃን ሥራ ነው።

አከርካሪው ሳጥኑ በተጨፈለቀበት በኩል ጎብጦ ነበር። እሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ የብረት ምጣድና ሁለት የአትላስ መጻሕፍት ጭኜበት ሦስት ቀን አሳደርኩት። ባለቤቴ ምጣዷን ስትፈልግ ውላ ከመርከብ ላይ ስታገኘው ምን እንዳለች እዚህ አልጽፍም። በአራተኛው ቀን ጎድኖቹን መሰካት ጀመርኩ። ኮላው ከጣቴ ይጣበቃል እንጂ ከእንጨቱ አይጣበቅም። አንዱን ሳቆም ሌላው ይዘማል። የልብስ መቆንጠጫ ያለውን ሁሉ ከገመድ ላይ ሰብስቤ ስለተጠቀምኩበት የባለቤቴ ነጠላ በነፋስ ተወስዶ ከጎረቤት ገብስ ውስጥ ተገኘ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጎረቤቴ ወንበር ስቦ፣ እጁን አጣምሮ፣ ከጧት እስከ ምሳ ከአጠገቤ አይነሣም። አይነካም፤ ያያል ብቻ። ማየቱ ደግሞ ከመንካት ይከፋል። ትንፋሹን «እህ» ብሎ ሲስብ የሆነ ነገር እንዳጠፋሁ አውቃለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን እስክጠይቀው ይጠብቃል። እኔም አልጠይቅም። እንዲህ ሆነን ዐሥረኛው ጎድን ላይ ደረስን።

በጎድኖቹ ላይ ቁጥር ታትሟል፤ በጣም ደቃቃ ነው። ስድስት ቢገለብጡት ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ቢገለብጡት ስድስት ነው። ሁለቱም ጎድኖች ከመካከል አካባቢ ስለሆኑ በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። እኔ ሁለቱንም ሰክቼ፣ አጣብቄ፣ ወደሚቀጥለው ስሄድ «እህ» አለ።

ኮላ መቀባቴን ቀጠልኩ።

«ይህቺ ዘጠኝ ናት» አለ በመጨረሻ፣ አፉ አልይዝ ብሎት።

«ስድስት ናት።»

«ቁጥሩን ገልብጠህ አንብበሃታል። ዘጠኝ ናት። ያቺኛዋ ናት ስድስት።»

«አንተ ከዚያ ሆነህ ምን ይታይሃል? እኔ ነኝ በእጄ ይዤ ያነበብኳት።»

ከደረት ኪሱ ማስመሪያ አወጣ። ጡረታ ወጥቶም ማስመሪያ ይዞ ይዞራል። ጎንበስ ብሎ አንዷን ለካ፤ ሌላዋንም ለካ። ከዚያ በመምህራን ክፍል ሠላሳ ዓመት በሰማሁት በዚያ ድምፁ፣ «ሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት አላቸው» አለ። «ኮላው ሳይደርቅ አውጣቸው።»

«ሁለት ሚሊ ሜትር! ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች?»

«መልስ በሁለት ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ ተሳስቷል።»

ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ አላውቅም። የጣቴ ኮላ ይሁን፣ የአባይ ርዝመት ይሁን፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጀርባዬ የተነፈሰው ትንፋሽ ይሁን፣ ብቻ ተነሣሁና እንዲህ አልኩት፦

«አንተ ሰው፣ የራስህ ቤት የለህም? እዚህ የምትውለው እኮ ቤትህ ባዶ ስለሆነ ነው እንጂ የእኔ መርከብ አሳስቦህ አይደለም!»

ማስመሪያውን ወደ ኪሱ መለሰ። የጉልበቱን የእንጨት ብናኝ አራገፈ። ባርኔጣውን አደረገ። ወደ ጓዳው «ደኅና ዋዪ» ብሎ ለባለቤቴ ድምፅ አሰምቶ ወጣ።

ባለቤቴ እጇ ሊጥ እንደ ሆነ ከጓዳ መጣች። ሁሉንም ሰምታለች። «ምን አልከው?» አለች።  «እሱን ሰው ነው እንዲህ ያልከው? ሚስቱ ስትታመም ማን ነበር አብሮ ደብረ ታቦር ያመላለሳት? አንተ አልነበርክም? ታዲያ ያን ያህል ስታውቅ ነው?» ብላ ተመለሰች። ሁለት ቀን ከ«ብላ» እና ከ«ጠጣ» በቀር ቃል አልወጣትም።

ጎድኖቹን አላወጣኋቸውም። ኮላው ደረቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማልበስ ነው፤ ስንጥሮቹን ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ በጎድኖቹ ላይ እያጎበጡ ጎን ለጎን ማጣበቅ። ስንጥር ደግሞ አይጎብጥም። ቀጭ ይላል። የመጀመሪያው ቀን አምስት ሰበርኩ። ሥዕሉ ላይ የውኃ ዕቃ ስላየሁ ሞቅ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ እንዳለበት ገመትኩ፤ የሚበቃ ርዝመት ያለው ዕቃ ግን አንድም የለ። በባለቤቴ ትልቁ የድግስ ድስት ውስጥ አጋድሜ ዘፈዘፍኳቸው፤ ጫፍ ጫፋቸው ወጥቶ ቀረ። መካከላቸው ራሰ፣ ጫፋቸው ደረቀ፣ ሳጎብጣቸው በድንበሩ ላይ ተሰበሩ። ስንጥሮቹ ተቆጥረው የመጡ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ግማሹን ለምድጃ ማቀጣጠያ አዋልኩት።

የመንደሩ ሰው በዚህ ጊዜ ነገሩን ሰምቶ ነበር። እያለፈ ጎራ ይላል፣ ያያል፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «ይንሳፈፋል?» አይንሳፈፍም፣ ለማየት ነው ስል ፊቱ ይቀየራል። «ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»  የማይታረስበት ሞፈር እንደመጥረብ ነው ለእነሱ፤ እውነታቸውን ነው።

መሪጌታ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ እዚሁ ጋይንት ባለችው ቤተ ልሔም ዜማ ሲያስተምሩ አርጅተው አሁንም እዚያው ይኖራሉ። አርብ አርብ ገበያ ሲወጡ እኛ ቤት ያርፋሉ። ገብተው፣ መስቀላቸውን አሳልመውን፣ ተቀመጡና ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የጎድን አጥንት ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ምንድን ነው?»

«መርከብ ነው፣ አባ።»

«የጥፋት ውኃ መጣ ወይ?»

«የለም፣ እንዲሁ እጄን ለማፍታታት ብዬ ነው።»

«ያ ጻድቅ እንኳ መርከቡን የሠራው ታዝዞ ነው» አሉ በእርጋታ። «አንተን ማን አዘዘህ?»

ባለቤቴ ከጓዳ ሳቋን ስትለቀው ሰማሁ። ከጠቡ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር፤ በእኔ ላይ በመሆኑ ግን አልተደሰትኩበትም። ተናድጄ የተሰበሩትን ስንጥሮች አሳየኋቸው። እንጨቱ እንቢ አለ፣ ውኃውም አልሠራም አልኳቸው። መሪጌታ አንዱን አንሥተው በጣታቸው መካከል አንከባለሉት።

«በልጅነታችን ዱላ ስንቆርጥ» አሉ፣ «የጎበጠውን በፍም ላይ ለብልበን እናቃናው ነበር። ቀጥ ያለውን ማጉበጥ ምን ይከብዳል? ሰው ሁሉ የሚችለው እሱን ነው።»

ከምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ስንጥሩን በእርጥብ ጨርቅ አሸት አደረጉት፤ የገና ጾም ስለሆነ በቅቤ ፈንታ የኑግ ዘይት ጣታቸው ላይ ነካ አድርገው ቀቡት፤ ከፍሙ በላይ፣ ሳያስጠጉም ሳያርቁም፣ ወዲያና ወዲህ አመላለሱት። ከዚያ በጉልበታቸው ላይ ቀስ ብለው ደገፍ አሉበት። እንጨቱ እንደ ቆዳ ጎበጠ። እስኪበርድ ይዘውት ቆዩና ሰጡኝ። እንደ ጎበጠ ቀረ።

እኔ ያን ቀን ሦስት አቃጠልኩ፤ በሳምንቱ ግን እጄ ለመደ። በዚህም አምላክን አመስግኜ ማልበስ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ነው እውነተኛው መከራ የመጣው። ስንጥሩ ከፊት ተነሥቶ በአንደኛው፣ በሁለተኛው፣ እስከ አምስተኛው ጎድን ድረስ ልክ ሆኖ ይተኛል። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ጉብ ይላል። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ደግሞ ከጎድኑ ተለይቶ አየር ላይ ይቀራል። የብርጭቆ ወረቀት ይዤ ስድስተኛውን ሞረድኩት። ዘጠነኛው ላይ የእንጨት ብናኝ በኮላ ለውሼ ሞላሁበት። አልሆነም። እንጨቱን ረገምኩ። ፋብሪካውን ረገምኩ። ልጄ ስትደውል «ይህን የሸጠልሽ ሰውዬ አታሎሻል፤ ዕቃው ጉድለት አለው» አልኳት። አዘነች። ለእሷም ማዘን ጀመርኩ፤ ግን አላረምኩም።

በሚቀጥለው አርብ መሪጌታ መጥተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው መርከቢቱን በርዝመቷ አዩአትና፣ «ቆዳው ምን አጠፋ? ጎድኑን ጠይቀው» አሉኝ። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ጎረቤቴ በዚህ ሁሉ ጊዜ አልመጣም። ገና አለፈ። ጥምቀት ላይ ታቦት ሲወርድ በሕዝቡ መካከል አየሁት፤ ባርኔጣውን አንሥቶ በሩቁ ሰላም አለኝና ወደ ሌላ ዞረ። ባለቤቴ የምሳ ሰሐን ሸፍና በአጥሩ በላይ ታቀብለዋለች፤ ሰሐኑን አጥቦ ይመልሳል። ለእኔ ግን ምንም አትለኝም። ከዝምታዋ ይልቅ የሰሐኑ መመላለስ አበሳጨኝ።

በጥር መጨረሻ፣ ደረቁ ነፋስ ሲነሣ፣ አንድ ጧት ቁርስ እየበላሁ ጠረጴዛው ላይ «ቀጭ» አለ። ዘወር አልኩ። እንደገና «ቀጭ» አለ። ከዚያ እንደ ሽምብራ ቆሎ ይፈነዳዳ ጀመር። በግድ አስተኝቻቸው የነበሩ ስንጥሮች ከስድስተኛውና ከዘጠነኛው ላይ እየተላቀቁ፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ፣ የአንድ ወር ሥራ በዓይኔ ፊት ተበተነ። አንዷ ስንጥር ተስፈንጥራ ሽሮዬ ውስጥ ወደቀች።

ባለቤቴ አየችኝ፤ አልሳቀችም። ተነሥታ ልብስ የምትለካበትን ሜትር አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና ወደ ጓዳዋ ገባች።

ሁለቱን ጎድኖች ባልሞረድኩትና ባልሞላሁት በኩል ለካሁ። ሁለት ሚሊ ሜትር። የስድስተኛውን ቁጥር በመስኮቱ ብርሃን ላይ አዙሬ አየሁት፤ ከሥሩ ስስ ሰረዝ ነበረች፣ የትኛው ወገን ታች እንደሆነ የምታሳይ። ዘጠኝ ነው። እውነቱን ለመናገር ማስመሪያውን ባወጣበት ቅጽበት አውቄው ነበር።

ከቤቴ እስከ ቤቱ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ደጃፉ ላይ በፀሐይ ተቀምጦ፣ ሰፌድ ጭኑ ላይ አድርጎ ምስር ይለቅማል። አንድ አንድ ፍሬ እያነሣ፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ዝቅ አድርጎ፤ ምስርም ሲለቅም ፈተና የሚያርም ይመስላል።

«ደኅና አደርክ?» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። 

«ዘጠኝ ናት» አልኩ።

«ምኗ?» አለ። ምኗ እንደሆነች በደንብ ያውቃል።

«ስድስት ናት ያልኩህ።»

«እ» አለና አንድ ጠጠር አገኘ፤ ወረወራት። «ሌላስ?»

ይህ ነው የሚያበሳጨኝ። አንዱን መዋጥ አቅቶኝ ሳለ ሌላውን ያቀርብልኛል። ግን የመጣሁት ለዚሁ ነበር።

«ስለ ቤትህ የተናገርኩት…» አልኩ። «ልክ አልነበረም።»

እጁን ከምስሩ ላይ አነሣ። «ልክ ነበር» አለ። «ቤቴ ባዶ ነው። ሄደህ ብትለካውም ያው ነው።» መነጽሩን አወለቀና በጋቢው ጠርዝ ጠረገው። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ልክ የሆነ ነገር ሁሉ መነገር አለበት ስል ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን አለመነገር ያለበት ልክ ነገር እንዳለ አወቅሁ። ለካ እኔም ስንቱን ሰው እንዲህ ሳደርግ ኖሬያለሁ።»

 ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና በዚያኛው ጠርዝ በኩል ያለውን አብሬው ለቀምኩ። ያሳለፍኳቸውን ሁለት ጠጠሮች ከእኔ በኩል አንሥቶ ሲጥል አየሁት፤ ቃል አልተናገረም። ለእሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ መጣ። ጎድኖቹን ለመንቀል በፈላ ውኃ የተነከረ ጨርቅና የእርሳስ መቅረጫ ምላጭ ይዘን ሁለት ቀን ፈጀብን። ዘጠነኛው ወጣ። ስድስተኛው፣ እኔ ሞርጄ ያቀጠንኩት፣ እጄ ላይ ተሰበረ። ምትኩን ከአሮጌ የፎቶ ፍሬም ጀርባ ላይ ካወጣናት ስስ ጣውላ በሽቦ መጋዝ ቀረጽነው፤ እሱ በኮምፓስ ሣለው፣ እኔ ቆረጥኩ። ያለቁብኝን ስንጥሮች ደግሞ የሰፈራችን አናጢ ከዋንዛ ሰንጥቆ ሰጠን፤ በሮችና አልጋ የሚሠራ ሰው ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ስንጥሮች ለቤት ማገር ይበቁ ነበር። ሦስት ጊዜ መልሰን ነው ያቀጠናቸው።

ከዚያም ተካፈልን። እኔ የቀኙን ጎን፣ እሱ የግራውን።

ሰው ከሰው ጋር ታርቆ መሥራት ደስ ይላል የሚሉ ሰዎች ከሂሳብ አስተማሪ ጋር ሠርተው አያውቁም። አንዲት ስንጥር ለማስተኛት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጅበታል። በእርሳስ ቁጥር ይጽፍባታል፤ በሦስት ቦታ ይለካታል፤ ለብልቦ ካጎበጣት በኋላ እንደገና ይለካታል፤ ከዚያ ኮላ ሊቀባ ሲል «ነገ በደንብ ትደርቅ» ብሎ ያስቀምጣታል። እኔ በዓይኔ ነው የምሠራው። እሱ አራት ባለበሰበት እኔ ዐሥራ አንድ አልብሻለሁ። መርከቢቱ ከአንድ ወገን ለብሳ ከሌላው ራቁቷን ስትቆም ባለቤቴ «ግማሽ ሚዜ ግማሽ ለማኝ» አለቻት። ዐቢይ ጾምን እንዲህ ስንነታረክ አሳለፍነው። ድምፃችን ከፍ ሲል ባለቤቴ በጓዳው በር ብቅ ብላ ሁለታችንንም ታይና ትመለሳለች፤ እናቴ ትሙት፣ ደስ ብሏት ነበር።

ምሰሶዎቹ ከቆሙ በኋላ ገመዶች ይወጠራሉ። ሳጥኑ ውስጥ የመጣውን ክር እኔ ስፈታ አወሳሰብኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ከራሱ ለመለየት ታግዬ በመጨረሻ በመቀስ ቆራርጬ ጣልኩት። ጎረቤቴ ይህን ሲያይ «እህ» አላለም፤ ተነሥቶ ውጭ ወጥቶ ተመለሰ። ወደ ባለቤቴ ሄድኩና ፈትል ለመንኳት። እንዝርቷን አስቀምጣ አየችኝ።

«ይሄን የምፈትለው ለጋቢህ ነው» አለች። «ክረምት ሲመጣና ሲበርድህ እንግዲህ መርከቢቱን ትለብሳታለህ።»

ግን አንድ ልቃቂት ሰጠችን። ራሷ ደርባ አክርራ፣ ሰም ነካ አድርጋ፣ እንደ በገና ጅማት የጠነከረ ክር አወጣችልን። የምንቋጥረውን ቋጠሮ ስታይ ደግሞ «ይህማ አህያም አያስር» ብላ ግማሹን ፈትታ አሰረችው።

ልጃችን ለፋሲካ መጣች። መንገዱ እስኪከፈት ሁለት ቀን ንፋስ መውጫ አድራ ነው የደረሰችው። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ጎረቤቴ እንደ ወትሮው ወንበሩ ላይ ነበር። መርከቢቱን ዞር ዞር ብላ አየቻት፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ጨረስከው!» አለች። «አባዬ፣ እውነቱን ልንገርህ? የሸጠልኝ ሰውዬ፣ አብዛኛው ሰው ጀምሮ ይተወዋል ብሎኝ ነበር። እኔም ቢያንስ ለአንድ ሁለት ወር እማዬን ታሳርፋታለህ ብዬ ነው የገዛሁት።»

ስንት የተሰበረ ስንጥር፣ ስንት የተቃጠለ ጣት! ለእናቷ ማረፊያ ነበር ለካ የተገዛልኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት እሷ ጎንበስ ብላ የግራውን ጎን በጣቷ ትዳስስ ነበር። ስንጥሮቹ አንዱ ከሌላው የት እንደሚለይ በዓይን አይታወቅም፤ እንደ ዕንቁላል የለሰለሰ ነው።

«ይሄኛው ወገን ግን ጉድ ነው» አለች። «እጅህ እንዲህ ነው እንዴ?»

ባለቤቴ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ጎረቤቴ ጣራውን ያያል። ዝም ብል አይናገርም ነበር፤ ከምስሩ ቀን ወዲህ ያንን አውቃለሁ። 

«የእኔ አይደለም» አልኩ። «ያንን የሠራው እሱ ነው። የእኔ ያኛው፣ ጉብ ጉብ ያለው ነው።»

ልጄ ወደ እሱ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?»

ሰውዬው በቀስታ ተነሣ፤ መነጽሩን አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ የራሱን ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። «አዎ» አለ። «ከላይ ሁለተኛዋ ስትቀር። እሷን እኔ ለቀብር ሄጄ ሳለ አባትሽ ነው የለጠፋት።»